ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ የት ናችሁ?

የጎንደር ሰው፣ ዛሬ ላሞግሳችሁ አልመጣሁም። ሰኔ ደርሶ የበጀት ወሬ ሲነሳ ከፒያሳ እስከ አዘዞ የምንሰማው አንድ ቃል ነው፦ «ተረስተናል»። መንገዱ ተረሳ፣ ውሃው ተረሳ፣ ዩኒቨርሲቲው ተረሳ። ልክ ናችሁ፣ ተረስተናል። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለምርምር የተመደበ ገንዘብ ወደዚህ ከተማ ሲመጣ፣ ምን ሠራ ብሎ የተከታተለ ከመካከላችሁ ማን ነው?

የምርምር ገንዘብን እንደ ቅርጫ ሥጋ ነው የምናየው። መደባችን ደረሰን ወይስ አልደረሰንም? ከዚያ ወዲያ ያለው አያገባንም። ባለሥልጣን ይመጣል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። እልልታውን ታቀልጡትና ወደየቤታችሁ ትገባላችሁ። ሕንፃው ውስጥ ሰው ገብቶ ይሠራል? መሣሪያው ሥራ ይጀምራል? ማንም ዞር ብሎ አያይም።

እኔ የማውቀው አንድ ላብራቶሪ አለ። የት እንደሆነ አልናገርም። ውድ መሣሪያ ገብቶለት ከነሳጥኑ ቆሟል። መሣሪያው የሚገዛበት በጀት ነበር። ሪኤጀንቱ (ለምርመራ የሚጨመረው ኬሚካል)፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ቴክኒሻን፣ መብራት ሲጠፋ የሚያግዘው ጀነሬተር ግን በጀቱ ውስጥ አልነበሩም። የጠየቀ የለም፣ የመለሰም የለም። ከዚያ በዓመቱ እንደገና «ተረስተናል» እንላለን።

ይህ ከተማ ሳይንስን በምርቃት አልጀመረም። በሞት ነው የጀመረው። በ1953 እ.ኤ.አ. ደምቢያ ላይ ወባ ገብታ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ጨረሰች። የቆላ ድባ ልጆች ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ጋር ሆኖ እዚሁ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ከፈተ። ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ አይደለም የተከፈተው። በሽታው ካለበት ደጃፍ ነው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) በቡድን ሆነው ገጠር እየወጡ ይሠለጥኑ ነበር። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። እንግዲህ የመንግሥት ገንዘብ ችግሩ ወዳለበት ሲሄድ ምን እንደሚያፈራ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም።

ሁለተኛውን ታሪክ ደግሞ ብዙዎቻችሁ በዕድሜያችሁ የደረሳችሁበት ነው። ሊቦ ከምከም፣ አዲስ ዘመን አካባቢ፣ 1997 ዓ.ም.። ሰው ትኩሳት ይይዘዋል። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቀውም። ይከሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል፣ ከዚያ ይሞታል። ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፣ ምንም አልፈየደም። መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ቤተሰብ ጠበል ለጠበል ተንከራተተ፣ ከብቱን ሸጠ፣ ቀበረ። በመጨረሻ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ።

ካላዛር የመተማና የሁመራ በሽታ ነበር። ደጋ ላይ ማን ይጠብቀዋል? ጥናቶቹ ያመለከቱት ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት መጥተው ሳይሆን አይቀርም የሚል ነው። በሽታውን በንክሻዋ ከምታስተላልፈውና እዚያው ካለች የአሸዋ ዝንብ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ወደ ጎረቤት፣ ሰሊጥ እርሻ አይቶ ወደማያውቅ ልጅም ተዛመተ። በሽታውን ለመለየት የሚያስፈልገው ተአምር አልነበረም። ፈጣን የደም ምርመራ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ማይክሮስኮፑ ውስጥ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ባለሙያ። ይህ ሁሉ በጊዜው አጠገባቸው ስላልነበረ ነው ሰው ስሙን እንኳ ባላወቀው በሽታ ያለቀው።

ዛሬ ጎንደር ላይ የሌሽማኒያሲስ (ካላዛር አንዱ ዓይነቱ ነው) ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። ኤች አይ ቪና ካላዛር አንድ ላይ የያዙት ሕመምተኛ እንዴት ይታከም የሚለው ጥናት እዚህና አብደራፊ ላይ ተካሂዷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. የሕክምና መመሪያውን ሲያሻሽል ከተመረኮዘባቸው ጥናቶች አንዱ ይሄው ነው። የእኛ ሐኪሞች፣ የእኛ ነርሶች፣ የእኛ ሕመምተኞች ናቸው። ከእናንተ መካከል ስንቱ ይህን ያውቃል? ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ሲወስድ ከተማው እንቅልፍ አልነበረውም፣ ደግሞም ይገባዋል። ለዚህ ግን አንድ መኪና ክላክስ አላደረገም። (ክላክሱ ይቅር። ማወቁ ይበቃ ነበር።)

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የአፍሪካ መንግሥታት ከ1980 እ.ኤ.አ. የሌጎስ ዕቅድ ጀምሮ ከአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር እናውላለን ሲሉ ኖረዋል። ኢትዮጵያ በ2017 እ.ኤ.አ. ያዋለችው 0.27 በመቶ ነው። ከዚያችው ላይ ደግሞ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም አዲስ አበባ ናቸው። ጎንደር ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ተብሎ ተሰይሟል። ስሙ ደስ ይላል። ስም ግን ሪኤጀንት አይገዛም።

ጉድለቱን ሲሞላ የኖረው የውጭ ገንዘብ ነው። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ወረቀት ተፈረመና የአሜሪካ እርዳታ ቀጥ አለ። በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎቻችን ኮንትራታቸው ተቋረጠ። በሰው ኪስ የሚኖር ሰው ኪሱ ሲዘጋ ይህ ይደርስበታል። የመንግሥትን ገንዘብ አጥብቃችሁ ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው። ግን ስትጠይቁ አጠያየቁን እወቁበት።

ያቺው አሜሪካ ለራሷ ምን እንደምታደርግ እዩ። የምርምር ገንዘቧ ወደ ጥቂት ሀብታም ግዛቶች ብቻ ሲፈስ አየችና በ1979 እ.ኤ.አ. ኤፕስኮር የሚባል ፕሮግራም ጀመረች። ቀድመው የገቡት አርካንሳ፣ ሜይን፣ ሞንታና፣ ሳውዝ ካሮላይናና ዌስት ቨርጂኒያ ናቸው። መሥፈርቱ ግልጽ ነው። ብሔራዊው የሳይንስ ፋውንዴሽን ከሚያድለው ገንዘብ 0.75 በመቶ ወይም ከዚያ በታች የሚደርሰው ግዛት ይገባል። «ተረስተናል» ማለት እዚያ በቁጥር ይለካል ማለት ነው።

ገንዘቡ ግን ዝም ብሎ አይወርድም። ግዛቱ ኮሚቴ ያቋቁማል። የዩኒቨርሲቲው፣ የመንግሥቱና የንግዱ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው «የእኛ ችግር ምንድን ነው? በምን እንበርታ?» ይላሉ። በትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ደግሞ ግዛቱ ለብዙ ዓመታት ከጠየቀው ገንዘብ 20 በመቶ የሚያህል ከራሱ ኪስ እንዲያዋጣ ይገደድ ነበር። ያዋጣ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። ገንዘቤ የት ደረሰ ይላል። እኛ ጋ የጠፋው ይህ ነው።

እስቲ የራሳችንን እንይ። ዳባት ላይ ዩኒቨርሲቲው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘግባል። በአገራችን እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ጥቂት ቦታ ነው። ሕፃናት በምን ይሞታሉ? እናቶችስ? መልሱ የሚገኘው ከእንዲህ ያለ መዝገብ ነው። ታዲያ መጠይቅ ይዛ ደጃችን የምትቆመውን ልጅ እንዴት ነው የምንቀበላት? እርዳታ ይመጣ ይሆናል ብሎ የቤተሰቡን ቁጥር የሚያበዛ አለ። ግብር ሊጨምሩብኝ ነው ብሎ ከብቱን የሚደብቅ አለ። ሟቹ በምን ሞተ ሲባል «በእግዜር ፈቃድ» ብሎ በር የሚዘጋም አለ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባል የለ? በውሸት ቁጥር የተሠራ ዕቅድ ተመልሶ የሚመጣው በእኛው ልጆች ላይ ነው። የጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያልቅ ታዲያ ማንን ልንወቅስ ነው?

በግጭት ጊዜ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ቀድሞ የሚቆመው የመስክ ሥራ ነው። ይህን ለሁሉም ወገን ነው የምናገረው። ናሙና የጫነ መኪና የማንም ጠላት አይደለም። ደም የምትቀዳ ልጅም የማንም ሰላይ አይደለችም። አሳልፏቸው።

መምህራን፣ እናንተንም አልዘልም። ስንቱ ፕሮፖዛል ነው አበል ተሰልቶ ካለቀ በኋላ ጥያቄ የሚፈለግለት? የመስክ ቀኑ አጥሮ የሆቴል ወርክሾፑ ለምን ይረዝማል? (ሆቴሎቻችን አይቀየሙኝ፣ ገበያው እንደሚያስፈልጋቸው አውቃለሁ።) ጥናቱ በእንግሊዝኛ ይታተማል፣ የደረጃ እድገት ይገኝበታል፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ደሙን የሰጠው የመተማ የቀን ሠራተኛ ውጤቱን በአማርኛ አንድ ገጽ እንኳ አያገኝም። ከዚያ ሕዝቡ አይተባበርም ትላላችሁ። ምን አይቶ ይተባበር? ተው እንጂ!

ነጋዴዎችና ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ የእናንተ ነገር ይለያል። እጃችሁ አይሰስትም። ጣና ላይ እምቦጭ ሲወጣ ጀልባና ማሽን ይገዛ ሲባል ብር ወጥቷል፣ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ግን እምቦጩ ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚፋፋው? የቀሃና የአንገረብ ወንዞች የከተማችንን ቆሻሻ ተሸክመው መገጭ ወንዝ ይገባሉ። መገጭ ደግሞ የእርሻውን አፈርና ማዳበሪያ ጨምሮ ጣና ይደፋዋል። ይህን ለማጥናት፣ ከየትኛው ሰፈር ምን ያህል እንደሚሄድ ለመለካት አዋጡ ብትባሉ ስንቶቻችሁ ኪሳችሁ ትገባላችሁ? ማሽን ይታያል፣ ፎቶም ይነሳበታል። የውሃ ናሙና ፎቶ አያምርም።

ውሃውንማ ተዉት። ጀሪካን ደርድራችሁ ስንት ቀን ጠበቃችሁ? የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ መሆኑን ሁሉም ያወራል። ደለሉ ከየትኛው ተዳፋት እንደሚመጣ፣ የትኛው እርከን እንደሚያስቆመው፣ ግድቡ በየዓመቱ ስንት ውሃ የመያዝ አቅም እንደሚያጣ የሚነግረን ግን ምርምር ነው። በላዩ ጥናቶች ተሠርተዋል። ከእናንተ የቱ ነው ውሃ አገልግሎት ቢሮ ሄዶ «ጥናቱ ምን አለ? በእሱ መሠረት ምን ሠራችሁ?» ያለው? ቢል ቦቴው መቼ ይመጣል ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ሲጠራ «ሕንፃ ይሠራልን» ብላችሁ እጅ አታውጡ። ሕንፃ አለን። አራት ነገር ጠይቁ፣ መልሱንም በቃለ ጉባኤ አስይዙ። ለገባው መሣሪያ የጥገናና የሪኤጀንት በጀት በየዓመቱ ስንት ነው? ስንት ቴክኒሻን በቋሚነት ተቀጠረ? ባለፈው ዓመት ገንዘብ የትኛው ጥናት አለቀ፣ ውጤቱስ በአማርኛ የት ይገኛል? የአንገረብን ደለል የሚለካው ማን ነው? የምክር ቤት ተመራጫችሁ መልስ ከሌለው በሚቀጥለው ስብሰባ ይዞ እንዲመጣ ቀን ቁረጡለት። የንግድ ምክር ቤቱም ሰው ይላክ። 20 በመቶ ባይሆንለት 2 በመቶ ይዞ ይምጣ።