ስለ «ዋይት ክሪስማስ» አንድ እርማት

ወዳጆች፣ እዚህ ብዙዎቻችሁ «ይህ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የቢንግ ክሮስቢ የገና ዘፈን ‹ዋይት ክሪስማስ› በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች የሰሙት የ1942ቱ ቅጂ ነው» ብላችኋል። ዘፈኑ በ1942 እ.ኤ.አ. መቀረጹ እውነት ነው። ዛሬ በብዛት የምንሰማው ግን በ1947 እንደገና የተቀረጸው ነው።

ምክንያቱ የሽያጩ ብዛት ነው። ሸክላው ደጋግሞ ከመታተሙ የተነሳ የመጀመሪያው ማስተር፣ ማለትም ሸክላዎቹ የሚባዙበት ዋናው ቅጂ፣ ተጎዳ። ስለዚህ የሸክላ አሳታሚው ኩባንያ ዴካ ክሮስቢን፣ የጆን ስኮት ትሮተርን ኦርኬስትራና የኬን ዳርቢን ዘማሪዎች መልሶ ስቱዲዮ አስገባ። ሆን ብለው የቀድሞውን ለማስመሰል ስለሠሩት ሁለቱን ማምታታት አይገርምም።

ለማጣራት መግቢያውን በደንብ ስሙ። ክሮስቢ ከመጀመሩ በፊት ፍሉትና እንደ ትንሽ ደወል ጥርት ብሎ የሚያቃጭል ሴሌስታ ከሰማችሁ የ1947ቱ ነው። የአልበሙ ሽፋን ላይ ያለው ዓመት ብቻውን አይበቃም፤ አልበሙ የወጣበት እንጂ ዘፈኑ የተቀረጸበት ላይሆን ይችላል።

ይህን የምለው የ1942ቱ እንዳይረሳ ስለምፈልግ ነው። ወታደሮቹ ከአገራቸው ርቀው በሬዲዮ የሰሙት እሱን ነው። አሁንም ስለሚገኝ ፈልጉና ሁለቱን አከታትላችሁ ስሟቸው።