ማስተካከያ፦ ለጉዋም ሰዎች ካሳ የምትከፍለው ጃፓን አይደለችም

"ጃፓን ለእያንዳንዱ የጉዋም ነዋሪ 25,000 ዶላር ካሳ ልትከፍል ነው" የሚባለው ስህተት ነው። ጃፓን ይህችን በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለች፣ በአሜሪካ ሥር የምትተዳደር ደሴት ከታኅሣሥ 1941 እስከ 1944 ክረምት (እ.ኤ.አ.) ይዛ ነበር፤ ግን አሜሪካ ከጃፓን ጋር በተፈረመው የ1951ዱ የሳን ፍራንሲስኮ የሰላም ስምምነት የዜጎቿን የካሳ ጥያቄ ስለተወችው ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ ዋሽንግተን ደጅ ላይ ወደቀ። ካሳውን የፈቀደው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ2016 መጨረሻ ነው። ከሰባ ዓመት በኋላ፣ አስቡት!

ገንዘቡም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች እዚያው ጉዋም ከሚከፍሉት ግብር ለደሴቷ ከሚመለሰው ላይ ነው የሚቆነጠረው፣ ማለትም ከራሳቸው ከጉዋም ሰዎች ኪስ በሉት።

25,000ው በወረራው ጊዜ ለተገደሉ ሰዎች የቅርብ ቤተሰብ ነው። የተደፈረ ወይም ከባድ ጉዳት የደረሰበት 15,000፣ በግዳጅ የሠራ 12,000፣ በ1944 ክረምት በእግሩ ተነድቶ ማኔንጎን ካምፕ የታጎረ ወይም እንዳይያዝ የተደበቀ ደግሞ 10,000 ያገኛል። ሕጉ ሳይወጣ ያረፈ ተጎጂ ግን፣ ልጆቹ የእሱን ድርሻ መጠየቅ አይችሉም። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

"አሁኑኑ አመልክቱ" የሚለውንም እርሱት። ማመልከቻ የተቀበሉት ከሰኔ 2017 እስከ ሰኔ 2018 ብቻ ነው።