ማስተካከያ፦ ለወጣት የጉባኤ ተወካዮች በሰጠነው የዝግጅት መረጃ ላይ

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ተጉዘው በአመራር ጉባኤ ለሚሳተፉ ወጣቶች ባለፈው ሳምንት ባሰራጨነው የዝግጅት ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ዕድሜው ከ15 እስከ 35 ዓመት የሆነውን ነው ማለታችን ስህተት ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ የሚያስቀምጠው ከ15 እስከ 29 ዓመት ሲሆን፣ እስከ 35 የሚዘልቀው በ1998 ዓ.ም. ባንጁል ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ትርጓሜ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አንድ ተወካይ ስለ ወጣቶች ሥራ አጥነት አኃዝ ሲጠቅስ የትኛውን የዕድሜ ክልል ይዞ እንደሚናገር ካልገለጸ፣ ከሌላ አገር ተወካይ ጋር የሚያነጻጽረው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ይሆናል። ንግግራችሁን አስቀድማችሁ ያዘጋጃችሁ ተወካዮች፣ እባካችሁ ይህን ክፍል መልሳችሁ እዩት።

የመክፈቻውን ሰዓት «8፡00» ብለን የጻፍነው በውጭው አቆጣጠር ስለሆነ፣ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ በዕለቱ ማለዳ ተነሥቶ በሰዓቱ መድረስ አይታሰብምና በዋዜማው አዲስ አበባ ግቡ። ከሰዓት በኋላ መስሏችሁ ለዕለቱ ትኬት የቆረጣችሁትን ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።