መክፈቻው ላይ ማን ዘፈነ?

የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ካላት ላይ እየቆነጠረች አጠራቅማ ከጓደኞቿ ጋር ስታዲየም ውስጥ የተዘጋጀ ትልቅ ኮንሰርት ገባች። በማግስቱ ድምጿ ተዘግቶ ደወለችልኝ። ሰዉ፣ መብራቱ፣ ርችቱ፣ ጩኸቱ፤ አውርታ አልጠግብ አለች። መድረኩ ሩቅ ስለነበረ ዘፋኙን ያየችው በትልቁ ስክሪን ነው፤ ከፊቷ የቆመው ልጅ ስልኩን ከፍ ሲያደርግ ደግሞ በልጁ ስልክ ውስጥ። «መክፈቻው ላይ ማን ዘፈነ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «እንጃ ጋሼ፣ ያኔ እኛ ገና ሰልፍ ላይ ነበርን። የሆኑ ልጆች ነበሩ መሰለኝ።»

ይህ ጽሑፍ ስለ «የሆኑ ልጆች» ነው።

ትልቅ ኮንሰርት አይኬድ የምል ሰው አይደለሁም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ አዝማች በአንድ አፍ ሲያወጣ መሀሉ ቆሞ ሰውነቱን የማይወረው ሰው ካለ እሱ ሐኪም ይየው። ግን እዚያ የሚኬደው የሚያውቁትን ለመስማት ነው። ግጥሙ በቃል ተይዞ ነው የሚገባው፤ ዘፋኙ አዲስ ዘፈን ልሞክር ሲል ሰዉ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሰለፋል። አዲስ ሙዚቃ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። ተማሪነት ያንን ቦታ ለመፈለግ ከየትኛውም ዕድሜ ይልቅ የተመቸ ሆኖ ሳለ ብዙው ተማሪ ደጁን ሳይረግጥ ይመረቃል። ለአንድ የስታዲየም ቲኬት የሚወጣውን ገንዘብ ስማቸውን ሰምታችሁ ለማታውቁ ሰዎች አራትና አምስት ምሽት ብታካፍሉት ይሻላል ነው የምለው።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላል ተረቱ። በሌላ ጉዳይ እውነት ይሆናል፤ ለጆሮ ግን መጥፎ ምክር ነው። ስልካችን ውስጥ ሆኖ ዘፈን የሚመርጥልን ስሌት፣ አልጎሪዝም የሚሉት፣ የሚኖረው በዚህ ተረት ነው። የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያው ስፖቲፋይ በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዲስከቨር ዊክሊ የተባለውን ዝርዝር ሲጀምር፣ በየሳምንቱ ሰኞ ለእያንዳንዱ አድማጭ 30 ያልሰማቸውን ዘፈኖች ማቅረብ ያዘ። ዘዴው ብልህ ነው። አንተ የምትወዳቸውን ዘፈኖች ሌሎች ሰዎች በፕሌይሊስታቸው ውስጥ ከምን ጋር እንዳሰለፏቸው ያያል፤ እነሱ ጋ ኖሮ አንተ ጋ የጎደለውን ይሞላል። ስለዚህ የሚያመጣው እንግዳ እውነተኛ እንግዳ አይደለም፣ የአክስትህ ልጅ ነው። መልኩ ይመስልሃል፣ ያስደስትሃል፣ ሰኞ ተዋውቃችሁ ማክሰኞ ትረሳዋለህ። ካልጣመህ ደግሞ አውራ ጣትህን አንቀሳቅሰህ ታልፈዋለህ፤ ማንም አይቀየምህም።

እኔ ተማሪ ሳለሁ የዶርማችን ብቸኛ የቴፕ ማጫወቻ የአንድ ክፍል ጓደኛዬ ነበር። በማጫወቻው ላይ ሙሉ ሥልጣን ነበረው፤ የሚያጫውተው ደግሞ ግጥም የሌለው፣ ሳክስፎኑ ዘይት እንዳጣ በር የሚንቋረር ጃዝ ነው። የፈተና ሰሞን ሳይቀር! ሁለት ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን። በሦስተኛው ወር ገላዬን እየታጠብኩ ያንኑ የበር ድምፅ ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ኩራቴ አልፈቀደም። እስከ ዛሬ ግን የምወደው ሙዚቃ ግማሹ ከዚያ ክፍል የወጣ ነው። ዛሬ አንድ ዶርም ብትገቡ አራት ልጆች በየአልጋቸው ጋደም ብለው ታገኛላችሁ። አራት ልጅ፣ ስምንት የተደፈነ ጆሮ። ጸጥታው ለጥናት ጥሩ ነው፤ ግን አንዱ የሌላውን ዘፈን ሳይጠላ እንዴት ሊወድ ይችላል?

አር ኢ ኤም የተባለው ዝነኛ የሮክ ባንድ እንዴት እንደተወለደ ያነበብኩትን ሁልጊዜ አስታውሳለሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ባለባት አቴንስ በምትባል ከተማ፣ ፒተር በክ የሸክላ መደብር ሠራተኛ ነበር። እሱ ለራሱ ሊያስቀራቸው የቋመጠባቸውን ሸክላዎች አንድ የሥነ ጥበብ ተማሪ እየመጣ ይገዛበታል። ተማሪው ማይክል ስታይፕ ነው። በሸክላ ምክንያት ወሬ ጀመሩ፤ ከሌሎች ሁለት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጋር ተገናኝተው ሚያዝያ 5 ቀን 1980 አገልግሎት መስጠት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በአንዲት ጓደኛቸው የልደት ግብዣ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ስማቸውን ካምፓስ ለካምፓስ ያዞሩት ተማሪዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የኮሌጅ ሬዲዮ ጣቢያዎች ናቸው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ጆሮ እስኪሰጧቸው ዓመታት አልፈዋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰው ለሰው ነው፤ አንዱ «ይቺን ስማ» ሲል ሌላው ሲሰማ።

ዩኒቨርሲቲዎችም ለዚህ ነገር አዲስ አይደሉም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጃዝ ጭስ በሞላባቸው የምሽት ቤቶች ሲጫወት፣ የፒያኖ ተጫዋቹ የዴቭ ብሩቤክ ባለቤት አዮላ ለየኮሌጁ ደብዳቤ እየጻፈች ባሌን ጋብዙት ትል ነበር። በ1953 ኦበርሊን ኮሌጅ ላይ የተጫወቱት ተቀርጾ አልበም ሆነ፤ በዓመቱ ብሩቤክ የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ። የአንዲት ሚስት ደብዳቤ የአንድን ሙዚቃ አድማጭ ለወጠ ማለት ነው። ፖል ማካርትኒ ደግሞ፣ ያ የቢትልሱ፣ በ1972 አዲስ ባንዱን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹንና ውሾቹን በመኪና ጭኖ በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ደጃፍ ላይ ሳይጠራ ይከሰት ነበር። መጀመሪያ የቆመው ኖቲንግሃም ነው፤ የተማሪዎች ኅብረቱን አዳራሹን ትሰጡናላችሁ ብለው ጠየቁ፣ በማግስቱ ተጫወቱ። በዚያን ዕለት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ የቀረው ልጅ ዛሬም የሚቆጨው ይመስለኛል።

በርግጥ እናንተ የምትሄዱበት ምሽት ማካርትኒ አይመጣም። እውነቱን ልናገር፤ ከሄድኩባቸው ትንንሽ ኮንሰርቶች ይበዙቱ መጥፎ ነበሩ። ማይኩ ይጮኻል፣ ከበሮው ሁሉን ይውጣል፣ ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ለራሱ ይዘፍናል። ግን አንዱን ምሽት ልንገራችሁ።

ያ ባለ ሳክስፎን ጓደኛዬ ነው ጎትቶ የወሰደኝ። ሰፊ የመማሪያ ክፍል የምታህል አዳራሽ፣ ውስጧ ሃያ አምስት ብንሆን ነው። ሁላችንም ኋላ ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል፤ ከመድረኩ በታች ባዶ ወለል። ከመድረኩ ስል ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለች ጣውላ ማለቴ ነው። የመክፈቻ ባንዱ ሦስት ሰው ነው፤ ሁለተኛው ዘፈን መሀል የጊታሩ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ልጁ ትርፍ ጊታር የለውም፤ ቁጭ ብሎ ክር መቀየር ጀመረ። ድምፃዊቷ ቀልድ ሞከረች፣ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ማይኩን አስቀምጣ ወደ ባዶው ወለል ወረደችና ጭኗን በመዳፏ እየመታች ያለ መሣሪያ፣ ያለ ማጉያ ዘፈነች። ጀርባችን ከግድግዳው ሲላቀቅ ይታወቀኛል። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ጊታሩ ተቃኝቶ ሲመለስ በእጅ ርቀት ከበናት ነበር። የዚያን ምሽቱን ዋና ባንድ ስም አላስታውስም። እሷ ግን ሲያልቅ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ካሴቷን ራሷ ስትሸጥ ነበር፤ ገዛሁና «ያለ ጊታር ያሉት ዘፈን አለበት?» አልኳት። «የለም፣ እሱ የእናቴ ነው» አለችኝ።

ይህን ዘፈን ስልክ አያመጣውም፤ አልተቀረጸማ። ሰልችቶ መውጣትም አይቻልም ነበር፤ ሃያ አምስት ሰው ባለበት አዳራሽ አንዱ ሲወጣ ዘፋኟ ታየዋለች። ሰው አፍሮ ይቆያል። አፍሮ የቆየ ጆሮ ደግሞ በሦስተኛው ዘፈን ላይ ይለምዳል፣ በአምስተኛው ላይ ይወዳል። አውራ ጣት እንዲህ ያለ ዕድል አይሰጥም።

ጊዜ የለንም፣ ገንዘብ የለንም ይላሉ ተማሪዎች። የገንዘቡን አምናለሁ። የጊዜውን ግን ሥራና ልጅ ይዛችሁ ስትመጡ እንነጋገርበታለን። ብቻዬን ማን ይሄዳል የሚሉም አሉ፤ ብቻችሁን ሂዱ። ከጓደኛ ጋር የሄደ ሰው ግማሹን ምሽት የጓደኛውን ፊት ሲያይ ነው የሚያመሸው፤ ወደደ ወይስ ጠላ እያለ።

አንድ ነገር ግን እንደ ዋዛ አይታለፍ፤ ጆሮ። እኔ በተማሪነቴ ከኮንሰርት ወጥቼ ጆሮዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የጥሩ ምሽት ምልክት ይመስለኝ ነበር። የጉዳት ምልክት ነው። በተለመደው የሙያ ደኅንነት ስሌት 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) የሆነ ድምፅ ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ሲደረስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ስፒከር ሥር ለቆመ ሰው 100 ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመሪያ የሙዚቃ ቦታዎች አማካይ ድምፃቸው ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ፣ የጆሮ መሰኪያ እንዲያቀርቡና ጸጥ ያለ ማረፊያ እንዲያዘጋጁ መክሯል። መሰኪያ ኪሳችሁ ይኑር፣ ከስፒከሩ ራቅ በሉ። ከጎኔ ሲያወሩኝ «ምን አልክ?» ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ከልምድ ነው የምናገረው።

ከተማሪው ይልቅ የምወቅሰው የተማሪዎች ኅብረቶችን ነው። የዓመቱን የመዝናኛ በጀት ጠቅልለው በመጨረሻው ሳምንት ለአንድ ታዋቂ ዘፋኝ ይከፍላሉ። ተማሪው በሞባይሉ ሺህ ጊዜ የሰማውን ለሺህ አንደኛ ጊዜ ይሰማል። አዳራሹ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ከርሞ ለንግግርና ለምረቃ ብቻ ይከፈታል። ያው ገንዘብ በየወሩ ሁለት ያልታወቁ ባንዶችን ይጋብዛል፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ ኬሚስትሪ የሚማሩ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ዝነኛውን የእንግሊዝ ባንድ ኮልድፕሌይን የመሠረቱት ልጆች የተገናኙት በ1996 ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ሆነው ሲገቡ ነው። መቼም ያኔ እነሱም ለአንድ ሰው «የሆኑ ልጆች» ነበሩ።

ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ስልኬ ጠራ። የእህቴ ልጅ ናት፤ የታመመ ሰው ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ ያልከውን አደረግኩ። ሠላሳ ሰው እንኳ አልነበርንም።»

«ጥሩ ነበሩ?»

«ኧረ አስጠሊታ ነበሩ!» ሳቀች። ከኋላዋ መንገድ ላይ ሌሎች ሰዎች ሲንጫጩ ይሰማኛል። «ግን ከበሮ የምትመታዋ ልጅ... ጋሼ፣ ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ፣ እየወጣች ነው፣ ሳታመልጠኝ ላናግራት።»