ሲሮጡ የታጠቁት ጆሮ

የአይሁድ በዓል ፑሪም ሲደርስ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ እጅ ማንኪያ ይዞ ከች ይላል። «ምነው፣ ሆዱ ጎደለ እኮ! እንዲህ ትሰስቻለሽ?» ይልና ሊጡ ላይ ሌላ ማንኪያ ማርማላታ ይደፋበታል። ከአስር ደቂቃ በኋላ የሀማን ጆሮ የሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን የበዓሉ ብስኩት ተዘርግቶ፣ ማርማላታው ትሪው ላይ ፈልቶ አርሮ ይገኛል። ባለ ማንኪያው ያን ጊዜ ሳሎን ተቀምጦ ቡና ይጠብቃል።

አገር ቤት ቤተ እስራኤል ዘንድ የአስቴር ጾም እንጂ ኦዝኔይ ሀማን (የሀማን ጆሮ በዕብራይስጥ) አልነበረም፤ እዚህ እስራኤል ግን የማያውቅበት ጠፋ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያለው ሰው ይህን ባይጋግርም ነገሩ ገብቶታል። 300 ግራም ዱቄት፣ 150 ግራም ከፍሪጅ የወጣ የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ አንድ እንቁላል፣ ቁንጥር ጨው። እስከዚህ ሁሉም ባለሙያ ነው። ሊጡ ፍሪጅ ገብቶ አንድ ሰዓት ይረፍ ሲባል ነው ጠቡ፤ «ሊጥ ምን ሠርቶ ደከመው?» ቅቤው የላላ ሊጥ ገና ሳይበስል ቀልጦ ይዘረጋል፣ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ተዳምጦ፣ 8 ሴንቲሜትር አፍ ባለው ብርጭቆ ተቆርጦ፣ መሀሉ አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ፣ ያውም ያልተቆለለ። ጠርዙ ላይ ዱቄት ከቀረ አይጣበቅም፤ ተጠርጎ በእንቁላል ነጭ ይረጥባል። ጫፉን መቆንጠጥ ብቻውን አይታመንም፤ አንዱ ጎን በሌላው ላይ ታጥፎ የሦስተኛው ጫፍ ከመጀመሪያው ሥር ይግባ። ከዚያ ፍሪዘር 15 ደቂቃ፣ ኦቨን በ180 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ቤኪንግ ፓውደር የሚነሰንስ ሰው ጆሮውን አሳብጦ ሊከፍተው ፈልጓል ማለት ነው።

ፔሬጉን፣ ማለት የፖፒ ዘሩን፣ ሳይፈጩ የሚሞሉትስ? እሱ ይቅር የማይባል ነው። ጥርስ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ አሸዋ! ተፈጭቶ ከወተት፣ ከስኳርና ከማር ጋር ማንኪያው የድስቱን ቂጥ እስኪያሳይ ይበስላል፣ ይቀዘቅዛል። ቅባት ስላለው የተፈጨው ቶሎ ይበላሽና ይመራል፤ ቦታው ፍሪዘር ነው።

ማርማላታ ሰው አሳስሮም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1731 በቦሄሚያ ዴቪድ ብራንዳይስ የተባለ ነጋዴ በሸጥከው የፕሪም ማርማላታ ሰው ገደልክ ተብሎ ታሰረ፤ ንጽሕናው ታውቆ ሲፈታ የማርማላታ ፑሪም ተከበረ።

ደግሞ ሚሽሎአሕ ማኖቱ፣ የፑሪም የምግብ ስጦታው! ሕጉ ለአንድ ሰው ሁለት ዓይነት የሚበላ ነገር ነው፤ ሰዉ ግን ቅርጫት፣ ሴሎፎን፣ ሪባን። ቅርጫቱ ፎቁን ዞሮ ዞሮ ሪባኑ እንደታሰረ ሦስተኛ ቤት ይገባል። ለሁለት ድሆች ስጡ የሚለው ትእዛዝስ? እሱ ሪባን ስለሌለው አይታይም መሰለኝ።

ባለ ማንኪያውን ረሳነው፤ ይርሳን እሱም። ቁርጥራጩ ሊጥ አይጣልም፤ ሳይታሽ በስኳር ተነስንሶ 8 ደቂቃ ይጋገራል። ልጆች ከጆሮው በፊት የሚጨርሱት እሱን ነው።