ማስተካከያ፦ 5 ግራም ያልኩት ጨው ነው እንጂ ሶዲየም አይደለም

ባለፈው ሳምንት ስለ አረጋውያን አመጋገብ ስጽፍ «በቀን እስከ 5 ግራም ሶዲየም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሶዲየም ጨው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው እንጂ ጨው ራሱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። በሶዲየም ሲቆጠር ከ2 ግራም በታች ማለት ነው። እኔ በጻፍኩት ልክ የሄደ ሰው ከ12 ግራም በላይ ጨው ይበላ ነበር! ደም ግፊት ላለባቸው እናት አባቶቻችን ይሄ ትንሽ ስህተት አይደለም፤ ይቅርታ።

5 ግራም ጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ ያውም ያልተቆለለ። ወጥ ላይ የምንጨምረው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በርበሬና ሚጥሚጣ ብዙ ቤት ጨው ገብቶባቸው ነው የሚፈጩት። ዳቦም ውስጥ አለ። እናቴ ሽሮ ስትሠራ ቆሜ አየኋት። በርበሬው ጨው አለው፣ ሽሮውም አለው። እሷ ግን ሳትቀምስ በሦስት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ጨመረች። «አለዚያማ ሽሮ ሽሮ አይልም» አለችኝ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ብታበዛበት ጨው መቀነሱ ያን ያህል አይታወቃትም ነበር።

ሌላም አለ። ምስር ቫይታሚን ቢ12 ይሰጣል ያልኩትም ልክ አይደለም። ፕሮቲንና ብረት አለው፤ ቢ12 ግን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ሰውነት ከምግብ የሚወስደው ይቀንሳል። ረጅም ጾም የሚጾሙ አዛውንቶች ሐኪማቸውን ቢያማክሩ ጥሩ ነው።

ጽሑፉን አትማችሁ በዕድራችሁ ያከፋፈላችሁ ካላችሁ፣ ሁለቱን መስመሮች በእስክሪብቶ ሰርዙልኝ።