«ሲሞላ እንስበዋለን»

ዛሬ ጠዋት ሰንጋ ተራ ጉድጓድ ውስጥ ወርጄ ጣቴን ከፉቲንጉ (ከምሰሶው መሠረት) ፌሮ ሥር ላስገባ ሞከርኩ። አልገባም። ፌሮው ሊን ኮንክሪቱ (አፈሩ ላይ የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) ላይ ድፍት ብሎ ተኝቷል፤ ከሥር ከፍ አድርጎ የሚይዘው ስፔሰር የሚባል ዘሩም የለም። «ጋሼ፣ ከፌሮው ሥር የሚለቀቀው 5 ሴንቲ የታለ?» ብዬ ፎርማናችንን ጠየቅኳቸው። «ኢንጅነርዬ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ኮንክሪቱ ሲሞላ ፌሮውን በመንጠቆ ወደ ላይ እንስበዋለን» አሉኝ፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ።

ሲሞላ እንስበዋለን! ከተመረቅኩ ሦስት ሳይት ቀይሬያለሁ፤ ካዛንቺስ፣ ልደታ፣ አሁን ደግሞ እዚህ። ሰዉ ይለያያል፣ ቃሉ ያው ነው።

እስቲ እናስላው። ፉቲንጉ 2 በ2 ሜትር ነው፤ ባለ 14 ሚሊ ፌሮ በየ15 ሴንቲው፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ፌሮው ብቻውን ከ60 ኪሎ ያልፋል። ውፍረቱ 50 ሴንቲ ስለሆነ የሚፈስበት ኮንክሪት ወደ 5 ቶን ይጠጋል። ይህን ሁሉ አንድ የቀን ሠራተኛ በመንጠቆ ሊስበው ነው። ደግሞ የት ቆሞ መሰላችሁ? እዚያው ፌሮው ላይ! በቦቲው ረግጦት ይስበዋል። ቢሳካለት እንኳ አንዱ ጫፍ 10 ሴንቲ ይነሳል፣ ሌላው እንደተኛ ይቀራል። ማን ያየዋል? ተሸፍኗላ።

ኮንክሪት ሲጫኑት ጀግና ነው፣ ሲስቡት ግን ደካማ። አፈሩ ፉቲንጉን ከሥር ወደ ላይ ሲገፋው የሚለጠጠው ሆዱ ነው፤ ፌሮው ከታች የሚሆነው ለዚህ ነው። ከታች ማለት ግን መሬት ላይ ማለት አይደለም! እርጥበት ያገኘው ብረት ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የሰፋ ቦታ ስለሚፈልግ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሊን በሌለበት፣ በቀጥታ አፈር ላይ ሲሞላማ የሚለቀቀው 7 ሴንቲ ተኩል ነው። እኛ 5ቱም አቃተን።

የሚያበግነኝ ስፔሰር ውድ አለመሆኑ ነው። አሸዋና ሲሚንቶ አቡክተህ፣ 5 በ5 ቆርጠህ፣ ጥቁር ሽቦ ሰክተህበት ታሳድረዋለህ። ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ከ500 በላይ ይወጣል። በምትኩ የማያስገቡት ነገር የለም፤ የብሎኬት ስባሪ፣ ጠጠር፣ አንድ ቀንማ የባሕር ዛፍ ቁራጭ አገኘሁ። እንጨት! መሠረት ውስጥ!

የቤዝመንቱን ግድግዳ ባላነሳው ይሻለኝ ነበር። ፕላኑ ወፍራሙን ፌሮ በአፈሩ በኩል አድርጉ ይላል፤ አፈሩ ሲገፋ ግድግዳው ከሥሩ የሚለጠጠው በዚያ በኩል ነዋ። ፌራዮው (ፌሮ አሳሪው) ግን ወደ ውስጥ አዙሮ አስሮታል። ለምን? «ለማሰር ይመቻል።» ሁለት ፌሮ ሲቀጣጠል ለመደራረቢያ 70 ሴንቲ የተጻፈውንም 40 አድርጎታል፤ ፌሮ ተወደደ አይደል!

ሁለት ሰዓት ሙሉ ስንከራከር ባለቤቱ ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ የፓምፑ ኪራይ እኮ እየቆጠረ ነው፤ ለአምስት ሴንቲ ነው እንዲህ ሙጭጭ ያልሽው?» እኚህ ሰውዬ የሳሎን ሴራሚክ ለመምረጥ ሳምንት ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞረዋል። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ቀን ወርደው አያውቁም። ጋሼም እዚያው ሆነው «አንቺ ሳትወለጂ ስንት ፎቅ አቁሜያለሁ» ይሉኛል። አቁመዋል፣ አልካድኩም። ሥሩን ግን ማን ቆፍሮ አየ?

ይሞላ ብዬ አልፈርምም አልኩ። ፓምፑ ተመለሰ፣ ፌራዮዎቹ አኮረፉኝ፣ ምሳዬንም ብቻዬን በላሁ። የግድግዳው ፌሮ እየተፈታ ነው፣ ስፔሰሩም ማታ ተሠርቷል። እስኪደርቅ ሁለት ቀን ስጡኝ ብዬ በግድ አስፈቅጃለሁ፤ ሚክሰሩ አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ይመጣል። እኔ 12 ሰዓት ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ነኝ፤ ጣቴ ከፌሮው ሥር ካልገባ ማንም አንዲት ባሬላ አያፈስም።